በመካ የገባ ብርድ

ይህን የምነግራችሁን ነገር በከፊል ተሳስቼ አስታውሼው ይሆናል። አንዱን ክፍል የሰማሁት ከስስ ግድግዳ ማዶ ተቀምጬ ነው፤ ሌላውን እህቴ ነገረችኝ፤ የቀረውን ደግሞ በሕይወታቸው አንድም ቀን «ተሳስቻለሁ» ብለው ከማያውቁ እናት ሰማሁት። ሦስቱ ሲጋጩብኝ መካከለኛውን ይዣለሁ። እውነት ሁልጊዜ መካከል ላይ እንደማትገኝ አውቃለሁ፤ ግን የት እንደምትገኝ ስለማላውቅ እዚያ ቆሜ ብጠብቃት ይሻላል ብዬ ነው።

በአንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነኝ፤ እኛ ብርድ እንፈራለን። ጅብ የማይፈራው ሰው ሁሉ ብርድ ይፈራል። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ላብ ከግንባር ወደ አገጭ እየተንቆረቆረ፣ መስኮት ለመክፈት ሞክራችሁ የምታውቁ ከሆነ የምለው ይገባችኋል። ከኋላ አንዲት እናት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው «ኧረ ልጄ ዝጋው፤ ብርድ ታስመታናለህ!» ይላሉ። የውጭው አየር ከውስጡ ቢሞቅም ግድ የላቸውም። የሚፈሩት ቅዝቃዜውን አይደለም፤ መግባቱን ነው። ብርድ በእኛ ቋንቋ የአየር ጠባይ ብቻ ሳይሆን እግር ያለው ፍጡር ነው። ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይሰነብታል፤ ሲያሻው ከወገብ ተነስቶ ወደ ጉልበት ይዛወራል። እንደ እኛ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አይጠየቅም።

ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚወደው ደግሞ አራስን ነው ይባላል። የወለደች ሴት ሰውነቷ ክፍት ነው፤ አጥንቷ ተላቆ ገና አልገጠመም። ስለዚህ በር ይዘጋል፣ ቀዳዳ ይወተፋል፣ ካልሲ ይጠለቃል። ይህ ጥንቃቄ የተቀመረው ደጋ ላይ፣ ውርጭ በር በሚያንኳኳበት አገር ስለሆነ አልፈርድበትም። ቀይ ባሕርን ሲሻገር ግን ማንም ጉምሩክ ላይ አስቁሞ «ወዴት ነው?» ያለው የለም።

እኔ ደግሞ የምኖረው ብርድ እየሸጥኩ ነው። ቤቴ ጅዳ፣ ሂንዳዊያ ነው፤ ሥራዬ ሙከይፍ መግጠምና መጠገን ነው። እዚህ አገር የአየር ማቀዝቀዣውን ሁላችንም በዐረብኛው ሙከይፍ ነው የምንለው። ዛሬ ኦብሑር ካለ ቪላ ጣሪያ ላይ ብሆን ነገ ኑዝላ ውስጥ አንድ ጠባብ መስኮት ላይ ተንጠልጥዬ ታገኙኛላችሁ። ጠንቃቃ ነኝ፤ ጓደኞቼ «ፈሪ» ይሉታል። ያጠበቅሁትን ብሎን ተመልሼ እነካዋለሁ። በር ቆልፌ ወርጄ መቆለፉን ለማየት ከደረጃው እመለሳለሁ።

ታላቅ እህቴ ሰዓዳ ባለፈው ዓመት መካ ውስጥ፣ በዚያ አገር ሐሩር አናት ላይ፣ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ሕፃኗ ሂባ ተባለች። ሌላው ወንድም ቢሆን ወርቅ ይዞ ይሄዳል፤ እኔ ሙከይፍ ይዤ ሄድኩ። የድሮው እንደ ታመመ በግ ሲያቃስት ሰምቼው ነበርና አዲስ ገዝቼ በእጄ ገጠምኩላት። አፉን ወደ ጣሪያው አዞርኩት፤ ነፋሱ አልጋውን በቀጥታ እንዳይመታ። ሃያ ስድስት ዲግሪ ላይ አድርጌው ወጣሁ፤ ከደረጃውም ተመልሼ አየሁት። ሃያ አምስት ላይ ትቼው ይሆን? እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል።

እዚህ ላይ ሐጃ ዘይነባን ላስተዋውቃችሁ። የሰዓዳ ባል የያሲን እናት ናቸው፤ አብረዋቸው ይኖራሉ። ከወሎ ልጅ ሆነው መጥተው መካ ያረጁ፣ ሰባት ወልደው ሰባቱንም ያሳደጉ ሴት ናቸው። ዐረብኛቸው የመካ ነጋዴ እንኳ «የየትኛው ሰፈር ልጅ ነሽ?» እንጂ «ከየት አገር መጣሽ?» የማይላቸው ዓይነት ነው። አማርኛቸው ደግሞ አባታቸው የተናገሩት፣ አሁን አገር ቤት እንኳ የማይሰማ አሮጌ አማርኛ ነው። ሰዓዳን ያረሱት እሳቸው ናቸው። ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ አብሹን በየሰዓቱ አቀረቡላት። በአብሹ ነገር እንኳ ዐረቦቹም «ሑልባ» እያሉ ለአራሶቻቸው ስለሚሰጡ የሁለቱ አገር አሮጊቶች ባይተዋወቁም ተስማምተዋል።

አርባው ቀን አለፈ። አንድ ጁምዓ ከጅዳ ልጠይቃቸው ስሄድ ሰዓዳ የውሃ ጠርሙስ አቀበለችኝና «ክፈትልኝ» አለች። እናንተ ሰዓዳን አታውቋትም። ልጅ ሆነን ማንም የማይፈታውን ቋጠሮ ወደ እሷ ነበር የምንወስደው።

«ምነው፣ ክዳኑ ጠበቀ?»

«ጣቴ ነው።»

«ምን ሆነ?»

«እንጃ። ይቆረጥመኛል።»

እጇን አየሁት። የጣቶቿ አንጓዎች ቀለበት ያጠለቁ ይመስል አብጠዋል፤ ቀኙም ግራውም። ቁርጥማት ብሎ የሰየመው ሰው ይህን ሕመም በእርግጥ ያወቀው ነው፤ አጥንት ውስጥ ተቀምጦ ቆሎ የሚቆረጥም ጥርስ አለ ማለት ነው። ሰዓዳ ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያለችው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ በአዲስ እናት አፍ «አመመኝ» ማለት «አቃተኝ» ስለሚመስል ነው።

ሐጃ መጡ። መጀመሪያ ጣቶቿን አዩ። ከጣቶቿ ቀና ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን ሙከይፍ አዩ። ከሙከይፉ ወረድ ብለው እኔን አዩ። ፍርዱ ተጠናቀቀ።

«ብርድ ገብቷታል» አሉ።

«ሐጃ፣ ሃያ ስድስት ላይ ነው የተውኩት።»

«ብርድ ቁጥር ያነባል?»

«አፉንም ወደ ላይ አዙሬዋለሁ፤ እሷን አይመታትም።»

«ውሃስ ቢሆን ከላይ ወደ ታች አይደል የሚወርደው? አንተ ብርድ ሻጭ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ስሜ እሱ ሆነ። በር ሳንኳኳ ከውስጥ «ክፈቱለት፣ ብርድ ሻጩ ነው» ይባላል።

ሙከይፉ ጠፋ፤ በመካ፣ በነሐሴ ሐሩር። ያሲን የተጓዦች አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ቤቱ ሲፋጅበት «ሥራ አለኝ፣ ያላ» እያለ ወደ አውቶቡሱ ይሸሻል፤ አውቶቡሱ ሙከይፍ አለዋ። ሕፃኗ አንገቷ ሥር ሙቀት ሽፍ አለባት። ሰዓዳ ካልሲ አጥልቃ፣ ጥቁር አዝሙድ በዘይት ታሽታ፣ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሎ ትቀመጣለች። ጣቷ ግን እንደ ነበረ ነው።

እኔ ሐጃን የናቅሁ እንዳይመስላችሁ። ያን ሰሞን ሥራ ላይ ሆኜ ራሴን ስመረምር ነበር። ሰባት የወለደች ሴትና አንድም ያልወለደ የሙከይፍ ሠራተኛ ስለ አራስ ቢከራከሩ እናንተ ማንን ታምናላችሁ? እኔም እሳቸውን ወደ ማመን ደርሼ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አላስተኛኝ አለ፤ የክርክሩ አሠራር። ሙከይፉ ሲሠራ ጣቷ ካመማት ብርዱ እየገባ ነው። ሙከይፉ ጠፍቶም ካመማት ብርዱ እየወጣ ነው። እኔ የምሠራበት ማሽን እንዲህ ቢሆን፣ በርቶም ጠፍቶም አንድ ዓይነት ቢያሳይ፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ብዬ ሽፋኑን እከፍታለሁ። የሐጃን ሐሳብ ሽፋን ግን በምን ብሎን መፍቻ ይከፍቱታል?

ነገሩ ቀልድ መሆኑ ያበቃው ሂባ ስትታጠብ ነው። ሰዓዳ በሳፋ ውስጥ እያጠበቻት ሳለ እጇ ድንገት ከዳት፤ ሕፃኗ ከመዳፏ ተንሸራትታ ውሃው ውስጥ ገባች። ሐጃ አጠገቧ ስለነበሩ ወዲያው ቀለቧት። ሂባ አስነጠሰች፣ አለቀሰች፣ ረሳችው። ሰዓዳ ግን አልረሳችውም። ከዚያ በኋላ ልጇን ማንሳት ፈራች። ሰው ካቀፈላት ጡቷን ታጠባታለች፤ ሰው ካላቀፈላት እጆቿን ከጭኗ ሥር ሸጉጣ ታያታለች። ጎረቤቶቹ «አራስነቱ ጣማት» ማለት ጀመሩ። አራስ ነብር ሲባል እንሰማለን፤ ነብሯ መዳፏን ቁርጥማት ሲይዛት ምን እንደምትሆን ግን የነገረን የለም።

ሐጃ በቅን ልባቸው መፍትሔ አመጡ፤ «ብርዱ እስኪወጣላት ልጅቷ እኔ ዘንድ ትደር።» አልጋዋ ወደ እሳቸው ክፍል ሄደ። ያን ጊዜ ሰዓዳ ኩሽና በር ላይ አግኝታኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ያለችኝን በትክክል አስታውሰዋለሁ፤ በዚህ እንኳ አልጠራጠርም።

«ልጄ ስታለቅስ እጄን ልዘረጋ ሲገባኝ ሰው ነው የምፈልገው። ይሄ ከቀጠለ እኮ ስታድግ እሳቸውን ነው እማ የምትለው።»

ወደ ሰፈሩ ሙስተውሰፍ ሄድን፤ ሙስተውሰፍ የምንለው አነስተኛ ክሊኒክ ነው። በሩ ላይ ሐጃ «ወንድ ውጭ ይቀመጥ» አሉ፤ ተቀመጥኩ። ስስ ግድግዳ ነበር ብያችኋለሁ። ሐጃ በዚያ ባማረ የመካ ዐረብኛቸው ሲናገሩ ይሰማኛል፤ «ልጅቷ ወልዳለች፤ በርድ አለባት።»

አስተዋላችሁ? የዐረቦቹ «በርድ» የእኛው ብርድ ነው፤ በባሕር የተለያዩ እህትማማች ቃላት ናቸው። ችግሩ እህትማማቾች አንድ ዓይነት ሕይወት አለመኖራቸው ነው። ሐኪም ፊት ቀርቦ «በርድ አለባት» ያለ ሰው «ጉንፋን ይዟታል» ማለቱ ነው። ሐኪሟ ውጭ በተሰለፈው ሕዝብ ተጣድፋለች፤ ሰዓዳን ደረቷን አዳመጠቻትና «አፍሽን ክፈቺ» አለቻት። ሰዓዳ እንደነገረችኝ በዚያች ቅጽበት ያሰበችው «ብርዱ በየት በኩል እንደገባ ሊያዩልኝ ነው» ብላ ነው። ደስ ብሏት አፏን በሰፊው ከፈተች።

የሳል ሽሮፕና የሕመም ማስታገሻ ክኒን ይዘው ወጡ።

ለጣት፣ የሳል ሽሮፕ። ክኒኑ እንደ ደንቡ ሕመሙን ለጥቂት ሰዓት አለዘበው፤ ሐጃም «አየኸው? መውጣት ጀመረ» አሉኝ። ሰዓዳ የማያስላትን ሳል በቀን ሦስት ጊዜ እያከመች ሰነበተች። ነገሩን ሳስበው የሚገርመኝ ስህተቱ የመጣው ከመጥፎ ዐረብኛ አለመሆኑ ነው። የሐጃ ዐረብኛ ደካማ ቢሆን ኖሮ ቃል ይጠፋባቸውና የሰዓዳን ጣት ይዘው «ይሄ፣ ይሄ!» ይሉ ነበር። የተበላሸው ቋንቋውን አጥርተው ስላወቁት ነው።

የጣቷ ሕመም እየባሰ ሲሄድ ያሲንን ጅዳ ልውሰዳት አልኩት። ከመሪው ላይ እጁን ሳያነሳ «ኻላስ፣ ውሰዳት» አለኝ። ሐጃ ሂባን አቅፈው አብረውን ተነሱ። በእኔ መኪና ውስጥ ሙከይፉን አስጠፉኝ፤ መስኮት ልከፍት ስል እሱንም አስዘጉኝ። ከመካ እስከ ጅዳ አራታችን በእንፋሎት በስለን ደረስን። በሕይወቴ የሄድኩት ረጅሙ መንገድ እሱ ነው።

የጅዳዋ ሐኪም መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትረሳ ጎልማሳ ሴት ናት። በዚህኛው ጊዜ ወንድሟ ነኝ ብዬ አብሬ ገባሁ፤ ሐጃም ከሕፃኗ ጋር ከጎኔ ተቀመጡ። ሐጃ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቶሎ ብዬ ልናገር አልኩ። ያኔ ነው ቁርጥማት በዐረብኛ ምን እንደሚባል እንደማላውቅ የታወቀኝ። የእኔ ዐረብኛ የሥራ ዐረብኛ ነው፤ ጋዝ፣ ማጣሪያ፣ ፈሰሰ፣ ዘጋ፣ ተቃጠለ። ሕመምን «አለም» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እኛ ደስታን ዓለም እንላለን፤ እዚያ ላይም ገና አልተስማማንም። ቃሉን ስላጣሁት ነገሩን መናገር ግድ ሆነብኝ።

«ዶክቶራ፣» አልኳት፣ «ጠዋት ስትነሳ እጇ አይሠራም። አይከፈትም፣ አይዘጋም። ቀስ ብሎ ቀስ ብሎ ይለቃታል። ሁለቱም እጅ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እስከ መቼ ነው የሚይዛት?»

ወደ ሰዓዳ ዞርኩ። «ጠዋት ከያዘሽ መቼ ነው የሚለቅሽ?»

«እስከ ዙህር አይለቀኝም» አለች።

እስከ ዙህር። ከንጋቱ ሱብሒ ተነስታ እስከ ቀትር ሶላት የራሷን ጣት ስትጠብቅ ትውላለች፤ እኛ ግን አልጠየቅናትም ነበር። ሁላችንም፣ እኔም ቴርሞሜትሬን ይዤ፣ ብርዱ ከየት እንደመጣ ስንመረምር ከርመን መቼ እንደሚያማት የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«እጅሽን ጨብጪ» አለቻት ሐኪሟ።

ሰዓዳ ጨበጠች። ጣቶቿ መንገድ ላይ ቆሙ፤ ሎሚ የያዙ ይመስል ነበር። ሐኪሟ ልትነካት እጇን ስትዘረጋ ዓይኗ ወደ እኔ ቀኝ ሄደና እዚያው ቀረ። እኔም ዞርኩ። ሐጃ በአንድ ክንዳቸው ሂባን አቅፈው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ሌላኛውን እጃቸውን ከፍ አድርገው ሊጨብጡ እየሞከሩ ነው። የእሳቸውም ጣቶች እዚያው ጋ ቆሙ። ጎብጠዋል፤ ወደ ውጭ ተጣመዋል። ይህን ሁሉ ዓመት በእነዚያ እጆች የተሠራ ምግብ ስበላ አላየኋቸውም።

«ሐጃ፣ እርስዎስ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ሐኪሟ።

ሐጃ እጃቸውን ዐባያቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያም፣ ከእኔ ዐረብኛ ዐሥር እጥፍ የሚያውቁት ሴት፣ ወደ እኔ ዘንበል ብለው በአማርኛ «አንተ ንገራት» አሉኝ። «ይሄ የእኔ አሮጌ ብርድ ነው። ሦስተኛውን የወለድኩ ጊዜ የገባ ነው በላት።»

ብርድ የሚለውን አልተረጎምኩትም። «ሦስተኛ ልጃቸውን ከወለዱ ጀምሮ ጣታቸውን ያማቸዋል» አልኩ። በሰው ቃል ላይ አልጨምርም አልቀንስም የምል ነኝ፤ ያን ቀን ቀነስኩ።

ሁለቱም ደም ሰጡ፤ ሁለቱም ወደ መገጣጠሚያ ሐኪም ተላኩ። የተነገረን እኔ እንደገባኝ ይህ ነው፦ ሰውነት ጠላት የሚከላከልበት ኃይል አለው፤ አንዳንድ ጊዜ ይህ ዘብ ይሳሳትና የራሱን መገጣጠሚያ ይወጋል። አንዳንድ ሴት ላይ ይህ በሽታ መጀመሪያ የሚታየው ከወለደች በኋላ ባሉት ወራት ነው። ወልዳ እጇን ወይም ወገቧን ያመማት ሁሉ ይህ አለባት ማለት አይደለም፤ ብዙው ልጅ ከማንሳትና ከድካም የመጣ ነው፤ በጊዜው ይሄዳል። ሁለት እጅ አብጦ፣ ጠዋት ለረጅም ሰዓት ሲደርቅ ግን ችላ አይባልም። ሐጃ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ እሷንም በቀጥታ በዐረብኛ፤ «ከእኔ ተላልፎባት ነው? ከአንድ ሳህን እንበላለን፤ ልጇንም አቅፋለሁ።» ሐኪሟ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ስትነግራቸው ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ያን ትንፋሽ ስንት ወር ይዘውት እንደነበር እንጃ።

እኔም ጥያቄ ነበረችኝ፤ የሙከይፉን። ሐኪሟ ሳቀች። ቅዝቃዜ አንዳንድ ሰው ላይ ሕመሙን ያባብሰው ይሆናል፣ በሽታውን ግን አያመጣውም አለች። ሐጃ የመጀመሪያውን ግማሽ ወስደው «አላልኩህም?» አሉኝ፤ እኔ ሁለተኛውን ወሰድኩ። ነጻ አልወጣሁም፤ በዋስ ተለቀቅሁ።

ለሰዓዳ ከማጥባቷ ጋር የሚስማማ መድኃኒት ተመረጠላት። ቶሎ አልሆነም፤ የሚያስለቅሱ ጠዋቶችም ነበሩ። ግን በቶሎ ተደርሶበት ነበርና ጣቶቿ ከዙህር ወደ ረፋድ፣ ከረፋድ ወደ ማለዳ እየተፈቱ መጡ። የሂባ አልጋ ወደ እናቷ ክፍል ተመለሰ፤ ተሸክመው የመለሱት ሐጃ ናቸው። የእሳቸው ሕመም ቀሏል፤ የጎበጡት ጣቶች ግን ከእንግዲህ አይቃኑም ተብሏል። መድኃኒታቸውን አያጓድሉም። ስሙን ሲጠየቁ «የብርድ ነው» ይላሉ፤ እኔም አላርማቸውም። ያን ያህል ዓመት አብሯቸው የኖረ ስም ነው።

ሆኖም የበር ቁልፍ ተመልሶ የሚያይ ሰው አርፎ አይቀመጥም፤ የሐጃ አሮጌ ብርድ በየት በኩል እንደገባ ማጣራት ነበረብኝ። ሦስተኛ ልጃቸውን፣ የያሲንን ታላቅ ወንድም፣ አንድ ቀን የልጅነት ቤታቸውን እያነሳሁ ጠየቅሁት። ሌላ ጊዜ ደግሞ በዚያው ሕንፃ የኖሩ አንዲት ጎረቤታቸውን ጠየቅሁ። ለየብቻ የነገሩኝ አንድ ሆነ፦ ሐጃ እሱን በወለዱበት ጣሪያ ላይ ባለው ክፍል ሙከይፍ አልነበረም፤ ያገለገለ የመስኮት ሙከይፍ ቤቱ የገባው የመጨረሻዋ ልጅ ትምህርት ቤት ስትጀምር ነው። እስከዚያ የነበረው አንድ የጣሪያ ማራገቢያ ብቻ ነው፤ እሱም አይዞርም ነበር።